የቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒዩተር ጥንካሬና የማስፋፊያ መሰኪያዎቹ፤ ከትምህርት አንጻር የቀረበ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ለትምህርት ቤት የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። አንደኛው በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው ነው፤ ሁለተኛው መሣሪያው ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ እያደር የሚታወቀው ነው። ይህ እውነት በኮምፒዩተር ላይ ከሌሎቹ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ኮምፒዩተር ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሚሰጠው አገልግሎት የተወሰነ ነው። ከማተሚያ፣ ከዲስክ፣ ከሌሎች ኮምፒዩተሮች፣ ከሙቀትና ከብርሃን መለኪያ ጋር ሲገናኝ ግን አገልግሎቱ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። ስለሆነም የአንድ የትምህርት ኮምፒዩተር ግምገማ ፍጥነቱንና የሜሞሪውን ልክ በመቁጠር ብቻ ሊያበቃ አይገባውም። ከምን ጋር ሊገናኝ እንደሚችል፣ ማን ሊያገናኘው እንደሚችልና ከተገናኘ በኋላ ተማሪው ምን እንደሚማርበት መመርመር ያስፈልጋል።

በዚህ ጽሑፍ የሚመረመረው እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪታንያ ለገበያ የቀረበው ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው የቤትና የትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ነው። የመሣሪያው ምርት ከቆመ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ለግምገማ የሚመረጥበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አገልግሎቱን ጀምሮ የጨረሰ መሣሪያ፣ ሻጩ ተስፋ በሰጠው ሳይሆን በታየው ውጤት ሊመዘን ይችላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመሣሪያው አመጣጥ

የብሪታንያ የሥርጭት ድርጅት ቢቢሲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሕዝቡን ከኮምፒዩተር ጋር ለማስተዋወቅ ሰፊ የትምህርት እቅድ አውጥቶ ነበር። በእቅዱ መሠረት የቴሌቪዥን ትምህርቱን የሚከታተል ሰው የሚለማመድበት አንድ ወጥ ኮምፒዩተር አስፈለገ። ሥራውን ያገኘው በ1978 ሄርማን ሃውዘርና ክሪስ ከሪ በካምብሪጅ ከተማ ያቋቋሙት ኤኮርን የተባለው ድርጅት ነው። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የመጀመሪያውን የሙከራ መሣሪያ ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ሠርተው ለቢቢሲ ተወካዮች አሳዩ። ኮምፒዩተሩ በታኅሣሥ ወር 1981 ወጣ፤ የቴሌቪዥኑ ትምህርትም በጥር 1982 ተጀመረ።

መሣሪያው በሁለት ዓይነት ቀረበ። ሞዴል ኤ 16 ኪሎባይት፣ ሞዴል ቢ ደግሞ 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበራቸው። ዋጋቸው መጀመሪያ 235 እና 335 ፓውንድ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ 299 እና 399 ፓውንድ ከፍ ብሏል። በዚያው ዘመን የአገሪቱ የኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ለሚገዙ ትምህርት ቤቶች የዋጋውን ግማሽ ይከፍል ስለነበረ፣ ቢቢሲ ማይክሮ በፍጥነት ወደ ክፍሎች ገባ። መጀመሪያ 12,000 ያህል እንደሚሸጥ ተገምቶ የነበረው መሣሪያ፣ በመጨረሻ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል።

የዋናው መሣሪያ ጥንካሬ

የመሣሪያው ልብ 6502 የተባለው ፕሮሰሰር ሲሆን በ2 ሜጋኸርትዝ ፍጥነት ይሠራል። በዘመኑ የነበሩት አፕል 2 እና ኮሞዶር 64 የዚያው ቤተሰብ ፕሮሰሰር ቢኖራቸውም ፍጥነታቸው 1 ሜጋኸርትዝ ያህል ነበር። የፊደል መምቻ ገበታው እንደ ጽሕፈት መኪና ያለ፣ የብዙ ተማሪዎችን ጣት የሚችል ጠንካራ ገበታ ነው። ስክሪኑ በስምንት ዓይነት አቀራረብ ሊታይ ይችላል፤ አንዱ 1 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ የሚወስድ የጽሑፍ አቀራረብ ሲሆን፣ ሌላው በአግድም 640፣ በቁም 256 ነጥብ የሚያሳይ ረቂቅ ሥዕል ነው።

ከትምህርት አንጻር ግን ከፍተኛውን ቦታ የሚይዘው አብሮት የመጣው የቤዚክ ቋንቋ ነው። በዚያ ዘመን በአብዛኞቹ የቤት ኮምፒዩተሮች የነበረው ቤዚክ ተማሪውን በመስመር ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች እያዘለለ የሚያስኬድ ነበር። የቢቢሲ ቤዚክ ግን ተማሪው አንድን የሥራ ክፍል በራሱ ስም እንዲሰይምና በፈለገ ጊዜ በስሙ እንዲጠራው ፈቅዷል። ይህ ቀላል የሚመስል ልዩነት የአስተሳሰብ ልዩነት ያመጣል። ትልቅ ችግርን ወደ ትንንሽ ክፍሎች ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቶ፣ አንድ በአንድ መፍታት በሒሳብም ሆነ በድርሰት ትምህርት የሚፈለግ ልማድ ነውና። ከዚህም በተጨማሪ በዚያው ቋንቋ መካከል የማሽኑን ትእዛዝ በቀጥታ መጻፍ ይቻል ስለነበረ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ ለማየት የሚሻ ተማሪ ሌላ መሣሪያ መግዛት አላስፈለገውም።

የማስፋፊያ መሰኪያዎቹ

መሣሪያውን ከእኩዮቹ የለየው የመሰኪያዎቹ ብዛት ነው። ከኋላው የቴሌቪዥን፣ የቴፕ፣ የአናሎግና የኔትዎርክ መሰኪያዎች ይገኛሉ፤ ከሥሩ ደግሞ የዲስክ፣ የማተሚያ፣ የተጠቃሚ፣ የ1 ሜጋኸርትዝ መስመርና ቲዩብ የሚባለው የሁለተኛ ፕሮሰሰር መሰኪያ ተደርድረዋል። ሁሉንም በአንድነት ማመስገን ወይም መንቀፍ ለእቅድ አውጪ አይጠቅምም። በሚሰጡት አገልግሎት ለሦስት ተከፍለው ቢታዩ ጥቅማቸውና ጉዳታቸው ይለያል።

ሀ. የመሣሪያውን የራሱን አቅም የሚያሳድጉ

የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሩን የበለጠ ኮምፒዩተር የሚያደርጉት ናቸው። ዋነኛው ዲስክ ነው። ፕሮግራምን ከቴፕ ማንሳት ደቂቃዎችን ስለሚፈጅ፣ የአንድ ክፍለ ጊዜ ጉልህ ክፍል በመጠበቅ ያልፍ ነበር፤ ዲስክ ይህን ወደ ጥቂት ሴኮንዶች አውርዶታል። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ያለ ዋጋ አልተገኘም። የዲስኩ ሥርዓት ለራሱ ሥራ ከዋናው ሜሞሪ ቦታ ይወስዳል። ዲስክ የሌለው ሞዴል ቢ ረቂቁን ሥዕል ሲያሳይ፣ 20 ኪሎባይት ለስክሪኑ፣ 3.5 ኪሎባይት ለውስጥ ሥራው አውሎ፣ ለተማሪው ፕሮግራም 8.5 ኪሎባይት ያስቀር ነበር። ዲስክ ሲጨመርበት የተረፈው 5.75 ኪሎባይት ብቻ ነው። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች እንደሚባለው ነው። በቴፕ ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዲስክ በተገዛ ማግሥት ሜሞሪ ሊያጥረው እንደሚችል ዕቃውን ያዘዘው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት።

ከዚህ የተሻለ የታሰበበት ለሮም ቺፖች የተተወው ቦታ ነው። የጽሕፈት ፕሮግራም ወይም ሌላ ቋንቋ የያዘ ቺፕ በውስጡ በተዘጋጀው ቀዳዳ ሲተከል፣ ፕሮግራሙ ኮምፒዩተሩ እንደተከፈተ ዝግጁ ይሆናል፤ ከዋናው ሜሞሪም ብዙ አይወስድም። ዲስክ ለሌለው ትምህርት ቤት ይህ ታላቅ እርዳታ ነበር።

የዚህ ወገን የመጨረሻው ደረጃ ቲዩብ ነው። በዚህ መሰኪያ በኩል ሁለተኛ ፕሮሰሰር ከነራሱ ሜሞሪ ሲገናኝ፣ የቀድሞው ኮምፒዩተር የፊደል ገበታውን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን ብቻ እያስተናገደ ስሌቱን ለአዲሱ ይለቃል። በቴክኒክ በኩል ሲታይ እጅግ ብልኅነት ያለበት አሠራር ነው። ኤኮርን ራሱ ኤአርኤም የተባለውን አዲስ ፕሮሰሰር ሲነድፍ የትእዛዞቹን አሠራር በመጀመሪያ በቢቢሲ ቤዚክ ሞክሯል፤ የመጀመሪያው ቺፕ ሚያዝያ 26 ቀን 1985 ሥራ ሲጀምርም ከቢቢሲ ማይክሮ ጋር ተያይዞ ነበር። የዚያ ፕሮሰሰር ዘሮች ዛሬ በአብዛኞቹ የእጅ ስልኮች ውስጥ ይገኛሉ። ነገር ግን ለመሐንዲስ የበጀ መሰኪያ ሁሉ ለክፍል ይበጃል ማለት አይደለም። ተራው ትምህርት ቤት የጎደለው ሁለተኛ ፕሮሰሰር ሳይሆን ሁለተኛ ኮምፒዩተር ነበር።

ለ. ክፍሉን እርስ በርሱ የሚያገናኙ

ሁለተኛው ወገን ኢኮኔት የተባለው የኔትዎርክ ማገናኛ ነው። በአንድ ገመድ የተያያዙት ኮምፒዩተሮች አንድ የዲስክ ማከማቻና አንድ ማተሚያ በጋራ ይጠቀማሉ። የዲስክ መሣሪያ ውድ በነበረበት ዘመን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል እዚህ ላይ በተግባር ታይቷል። ከዚህም በላይ፣ ኔትዎርኩ መምህሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ የተማሪውን ስክሪን ለማየትና ለመርዳት የሚያስችሉ ትእዛዞች ነበሩት።

ሂሱ የሚነሣው በሁለት ነጥቦች ላይ ነው። አንደኛ፣ መሰኪያው ቦታ ቢኖረውም ውስጡ የሚያስፈልጉት ቺፖች በተጨማሪ ዋጋ የሚገጠሙ ስለነበሩ፣ ኮምፒዩተር መግዛት ማለት ኔትዎርክ መግዛት ማለት አልነበረም። ሁለተኛ፣ ለመምህሩ የተከፈተው መንገድ፣ አስቀድሞ ካልተከለከለ በቀር፣ ለብልኁ ተማሪም ክፍት ነበር። ስለዚህ ኔትዎርኩ የሚጠብቀው ሰው ይሻል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር ነው።

ከዚሁ ጋር አብሮ ሊታይ የሚገባው የቴሌቴክስት መቀበያው ነው። ይህ በ1 ሜጋኸርትዙ መስመር የሚገናኝ ሣጥን፣ ቢቢሲ ከ1983 እስከ 1989 በቴሌቪዥን ሞገድ ያሠራጫቸውን ፕሮግራሞች ተቀብሎ በኮምፒዩተሩ ላይ ያኖራል። ስልክም ፖስታም ሳያስፈልግ፣ በገጠር ያለ ትምህርት ቤት ከከተማው እኩል በአንድ ቀን ፕሮግራም እንዲደርሰው ያደረገ ዘዴ በመሆኑ፣ በትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ለሚሠሩ ባለሙያዎች ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው።

ሐ. ኮምፒዩተሩን ወደ ውጭው ዓለም የሚያወጡ

ሦስተኛው ወገን በዋጋ ትንሹ፣ በትምህርት ትልቁ ነው። የአናሎግ መሰኪያው በአራት መስመሮች ከ0 እስከ 1.8 ቮልት የሚደርስ የኤሌክትሪክ ግፊትን ይለካል፤ አንዱን መስመር ለክቶ ወደ ቁጥር ለመለወጥ 10 ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። በሙቀት መጠን የኤሌክትሪክ ተቃውሞው የሚለዋወጥ አንድ ትንሽ ቁራጭ በዚህ መሰኪያ ሲገናኝ፣ ኮምፒዩተሩ የሙቀት መለኪያ ይሆናል። ተማሪው የፈላ ውሃ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ በየሴኮንዱ መዝግቦ፣ መሥመሩ ስክሪኑ ላይ ሲታጠፍ በዓይኑ ያያል። በዚህ ጊዜ የፊዚክስ፣ የሒሳብና የኮምፒዩተር ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። የሚያስፈልገው የቤዚክ ትእዛዝም አንድ ቃል ብቻ ነው።

የተጠቃሚ መሰኪያው ደግሞ እያንዳንዳቸው የሚበሩ ወይም የሚጠፉ ስምንት መስመሮች አሉት። ትንሽ አምፖል ማብራት፣ የትራፊክ መብራት ምስያ መሥራት፣ በወለል ላይ እየሄደች ሥዕል የምትሥል ባለ መንኮራኩር ኤሊ ማዘዝ ይቻላል። ሲሞር ፓፐርት በ1980 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሎጎ ቋንቋና ስለ ኤሊዋ ያቀረበው ሐሳብ፣ ማለትም ልጅ የጂኦሜትሪን ጽንሰ ሐሳብ በራሱ አካል እንቅስቃሴ እየመሰለ እንዲማር ማድረግ፣ በብዙ ክፍሎች በተግባር የዋለው እንዲህ ባሉ መሰኪያዎች በኩል ነው።

ነቀፌታም አለ። የተጠቃሚ መሰኪያው ያለ መከላከያ በቀጥታ ከውስጡ ቺፕ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በስሕተት የገባ ከፍ ያለ ቮልት ቺፑን ያበላሻል። በክፍል ውስጥ ተማሪ እንዲሳሳት መፍቀድ የትምህርት አንዱ ክፍል ሆኖ ሳለ፣ ስሕተትን የማይችል መሰኪያ ለተማሪ ማቅረብ የንድፍ ጉድለት ነው። ከዚህ የከፋው የመሰኪያዎቹ ቦታ ነው። ከሥር የተደረደሩ በመሆናቸው ገመድ ለማገናኘት ኮምፒዩተሩን ማዘንበል ያስፈልጋል፤ የዲስኩና የ1 ሜጋኸርትዙ መሰኪያ ሁለቱም ባለ 34 ጫፍ ስለሆኑም አንዱን በሌላው ቦታ መሰካት አስቸጋሪ አይደለም።

ከእኩዮቹ ጋር ሲነጻጸር

በ1982 የወጣው ሲንክሌር ስፔክትረም ባለ 48 ኪሎባይቱ 175 ፓውንድ ይሸጥ ነበር። በአንድ ሞዴል ቢ ዋጋ ሁለት ስፔክትረም ተገዝቶ 49 ፓውንድ ይተርፋል። ሠላሳ ተማሪ ለያዘ ክፍል ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። ይሁን እንጂ ስፔክትረም ለማስፋፊያ የነበረው ከኋላው የወጣ አንድ የሰሌዳ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ማተሚያም ሆነ ሌላ መሣሪያ ለማገናኘት በየጊዜው ተጨማሪ ሣጥን መግዛት ግድ ነበር። ከእርሱ በፊት በ1981 የወጣው ዜድኤክስ 81 ላይ ይገጠም የነበረው ባለ 16 ኪሎባይት ተጨማሪ ሜሞሪ ትንሽ ሲነቃነቅ ተማሪው የደከመበትን ሥራ ሁሉ እንደሚያጠፋ በዘመኑ የታወቀ ነው። ርካሹ መሣሪያ ብቻውን ሲሆን ርካሽ ነው፤ መስፋፋት ሲጀምር ግን ልዩነቱ ይጠባል።

በሌላ በኩል በ1977 በአሜሪካ የወጣው አፕል 2 በክዳኑ ሥር ስምንት የማስፋፊያ ቦታዎች ነበሩት። ሐሳቡ የተለየ ነው፤ መሰኪያውን አዘጋጅቶ ከመስጠት ይልቅ ቦታውን ትቶ ካርዱን ገዢው እንዲመርጥ አድርጓል። ይህ ነጻነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ሁለት ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ገዝተው በውስጡ የተለያየ ካርድ ቢኖራቸው፣ ለአንዱ የተዘጋጀው ትምህርት ለሌላው ላይሠራ ይችላል። ቢቢሲ ማይክሮ በዚህ በኩል የተሻለ ነው። እያንዳንዱ ሞዴል ቢ የአናሎግና የተጠቃሚ መሰኪያዎቹን ይዞ ስለሚመጣ፣ የሙቀት ልኬት ትምህርት ያዘጋጀ መምህር ትምህርቱ በሌላ ከተማም እንደሚሠራ እርግጠኛ ሊሆን ይችላል። ለአገር አቀፍ ሥርዓተ ትምህርት ከብዛት ይልቅ ይህ አንድ ወጥነት ይጠቅማል።

ያልተከፈቱ በሮች

የመሣሪያው ክፍትነት ወሰን ነበረው። ተማሪው በስምንት ቁጥሮች አማካይነት፣ በስምንት በስምንት ነጥቦች ላይ፣ የራሱን ፊደል እንዲቀርጽ ይፈቀድለታል። ለሁለትዮሽ ቁጥሮች ትምህርት ይህ ግሩም መልመጃ ነው። ሆኖም እንደ ወትሮው የሚቀረጹት 32 ብቻ ናቸው፤ ከሜሞሪ 1.5 ኪሎባይት ተከፍሎበት ቁጥሩ ቢበዛ ወደ 224 ያድጋል። የአማርኛ መደበኛ ፊደላት 33 በ7 ሲባዙ፣ ዲቃሎቹ ሳይጨመሩ፣ 231 ይሆናሉ። የላቲኑ ፊደል በሙሉ ቢወጣ እንኳ የአማርኛው አይገባም ማለት ነው። አንድ መሣሪያ ለሁሉ ክፍት ነው ሲባል ንድፉ በየትኛው ቋንቋ እንደታሰበ መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሌላው ትምህርት የተገኘው በ1986 ነው። በ1086 የተጻፈው የእንግሊዝ የመሬትና የሀብት መዝገብ 900ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ቢቢሲ አዲስ የአገር መዝገብ በኮምፒዩተር አዘጋጀ። የትምህርት ቤት ተማሪዎች አካባቢያቸውን 4 በ3 ኪሎሜትር በሆኑ ክፍሎች ከፍለው ጻፉ፣ ፎቶግራፍ አነሡ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተካፈሉ። ሥራው ሁሉ የቢቢሲ ማይክሮ ተተኪ በሆነው ማስተር ኮምፒዩተርና ለዚሁ በተዘጋጀ የሌዘር ዲስክ ማጫወቻ ብቻ የሚነበብ ሆነ። ማጫወቻው ውድና ብርቅ ስለነበረ፣ ከጻፉት ተማሪዎች ብዙዎቹ የራሳቸውን ጽሑፍ በቀላሉ ማየት አልቻሉም። አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ባለሙያዎች መረጃውን ለማትረፍ ብዙ ሊደክሙ ግድ ሆነ፤ የማኅበረሰቡ ጽሑፎች በ2011 በኢንተርኔት ወጡ። በ1086 በብራና የተጻፈው ግን ዛሬም ይነበባል። ሌላ ማንም የማይሠራውን ተጨማሪ መሣሪያ የሚጠይቅ ማስፋፊያ፣ የተማሪን ድካም የሚያሠፋ ሳይሆን የሚዘጋ ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚደረስበት ፍርድ ይህ ነው። ቢቢሲ ማይክሮ ለዘመኑ የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች መመዘኛ ሊሆን የሚገባው መሣሪያ ነበር፤ ነገር ግን ዝናው ብዙ ጊዜ የሚነገርበት ምክንያት ትክክለኛው አይደለም። ፍጥነቱና ሁለተኛ ፕሮሰሰሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተበልጠዋል። ዕድሜ ያገኘው ተማሪው ከክፍሉ ውጭ ያለውን ነገር ለክቶና አዝዞ እንዲማር ያስቻለው ሦስተኛው ወገን ነው። ለዚህ ማስረጃው ተከታዮቹ ናቸው። በ2012 የወጣው ራስበሪ ፓይ የሞዴል ኤና ቢ ስያሜውን ከቢቢሲ ማይክሮ ሲወርስ፣ ወደ ውጭ የሚያገናኙ ጫፎቹን በግልጽ ሰሌዳው ላይ አስቀምጧል። በ2016 ለአንድ ሚሊዮን ያህል የብሪታንያ ተማሪዎች የታደለው ማይክሮ ቢትም ልጅ በቀላል መቆንጠጫ ሽቦ የሚያስርበት ቀዳዳ አለው። ሁለቱም የዱሮውን ጉድለት አርመዋል፤ መሰኪያው ከሥር ወደ ላይ ወጥቷል።

ለትምህርት ቤቶች መሣሪያ የሚመርጡ ክፍሎች ከዚህ የሚወስዷቸው ነጥቦች አራት ናቸው። አንደኛ፣ የግዥ እቅድ ኮምፒዩተሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያዎቹን፣ ገመዶቹንና መለዋወጫዎቹን ከመጀመሪያው ማካተት አለበት፤ ምንም ያልተሰካበት መሰኪያ ገንዘብ የወጣበት ባዶ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛ፣ መሰኪያው እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጽ መጽሐፍ ከመሣሪያው ጋር በመምህሩ እጅ መግባት አለበት። ሦስተኛ፣ ሙከራ ለማዘጋጀትና የተበላሸውን ለመጠገን የሚያስፈልገው ሰዓት በመምህሩ የሥራ ድልድል ላይ ሊታሰብ ይገባል። አራተኛ፣ ተማሪዎች የሚያዘጋጁት ሥራ በሌላ መሣሪያም ሊነበብ በሚችል መልክ መቀመጡ ከግዥው በፊት መረጋገጥ አለበት። እነዚህ አራት ነጥቦች ባልተሟሉበት ቦታ ብዙ መሰኪያ ያለው ውድ ኮምፒዩተር ከርካሹ የሚለየው በዋጋው ብቻ ይሆናል።